«ጫፉን አጣነው»፦ አቡዬ ሜዳ ተራራ ነው ወይስ ሜዳ?

ጥያቄው የመጣው መንዝ ውስጥ ባለችው መሐል ሜዳ ከተማ ተወልዶ ካደገና አሁን አዲስ አበባ ከሚሠራ ወጣት ነው። ጥቂት አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጥር ወር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አቡዬ ሜዳ ወጥተን ነበር። ልጅ ሆኜ ‹የሸዋ ትልቁ ተራራ እኛ ጋ ነው› ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሹል የሆነ ጫፍ ነበር የጠበቅኩት። ላይ ስንደርስ ግን የተንጣለለ ሣር ሆነብን። ‹ጫፉ ያ ነው› ብለን ወደ አንዱ ጉብታ እንሄዳለን። እዚያ ስንደርስ ሌላኛው ከፍ ብሎ ይታየናል። በመጨረሻ ጫፉን አጣነው። የኔ ስልክ 3,985 ሜትር አለ፤ የጓደኛዬ የእጅ ሰዓት 4,040 አለ። ኢንተርኔት ላይ አንዱ 4,000፣ ሌላው 4,012 ይላል። የቱ ነው ትክክል? ተራራ ከሆነስ ለምን ሜዳ ተባለ? በዚያ ላይ ድንች ቀቅለን አልበስል ብሎ አስቸገረን። ውሃው እየተንተከተከ ድንቹ ጥሬ ነው! አንዱ ጓደኛችንም ራሱን አሞት አደረ። ምክንያቱ ምን ይሆን?»

ወንድሜ፣ «ጋሼ» ብለህ ስለጻፍክልኝ እኔም አንተ እያልኩ ልመልስልህ። በቅየሳና በካርታ ሥራ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። ስለ ተራራ ብዙ ጥያቄ ይመጣልኛል። አብዛኛው «ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነው። ያንተን የወደድኩት ስሙን ስለጠየቅክ ነው። የሁሉም መልስ ያለው እዚያ ስም ውስጥ ነውና።

ጫፉን አላጣችሁትም። ቆማችሁበት ነበር። ያጣችሁት ሹሉን ነው፤ ሹል ደግሞ መጀመሪያውንም የለውም።

ይህን ለመረዳት ከአቡዬ ሜዳ በፊት አንተም እኔም ደጋግመን የሄድንበትን መንገድ እናስብ። ከደብረ ብርሃን ተነስተህ ወደ ጣርማ በር ትሄዳለህ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እስከ ጣርማ በር ድረስ ያለው መንገድ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ የድንጋይ ካብ፣ እንደገና የገብስ ማሳ። ከፍ ትላለህ እንጂ መውጣትህ አይታወቅህም። ከዚያ ጣሊያን በ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ወደ ሠራው ዋሻ ትገባለህ። ስትወጣ ምድር ከእግርህ ሥር ትጠፋለች። ደብረ ሲና ቁልቁል ትታያለች። ጆሮህ ይደፈናል። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከ1,800 ሜትር በላይ ወርደሃል፤ ሹራብህንም አውልቀሃል።

አሁን ያንኑ መንገድ ገልብጠው። ሸዋ ሮቢት ቆመህ ወደ ምዕራብ ቀና በል። የምታየው የተራራ ግድግዳ ነው። ለቆላው ሰው ያ ተራራ ነው፤ ለደብረ ብርሃኑ ሰው ደግሞ የሜዳው ዳር ነው። ቦታው ግን አንድ ነው።

አቡዬ ሜዳ የዚህ ዳር አካል ነው። በሰሜን ሸዋ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በግሼ ወረዳ፣ ከደቡብ ወሎ አዋሳኝ ላይ ይገኛል። ከጣርማ በር ተነስቶ መንዝን ይዞ ወደ ሰሜን የሚዘረጋውን ከፍታ ብትከተል፣ ጓሳ የሚባለውን ጥብቅ የሣር ምድር አልፈህ ወደዚያው ያደርስሃል። የዞኑ ከፍተኛ ቦታ እሱ ነው። ልጅ ሆነህ የሰማኸው ትክክል ነው።

የአገሩን ስሞች ልብ በል። መሐል ሜዳ፤ አቡዬ ሜዳ። በሌላ በኩል ጣርማ በር፤ አንኮበር። «ሜዳ» የሚል ሰው የቆመው በደጋው በኩል ነው። እግሩ ሥር ሣር አለ፤ ከብት ያሰማራል፤ ፈረስ ይጋልባል። «በር» ደግሞ ያ ሜዳ አልቆ ወደ ቆላ የሚወረድበት ነው። እንደኔ አስተያየት እነዚህ ስሞች ከብዙ ካርታ የተሻለ ይናገራሉ። ካርታ አቡዬ ሜዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ቁጥር ይጽፍበታል። ያ ምልክት ነው እንዳንተ ያለውን ሰው ሹል ፍለጋ የሚሰደው። ስሙን ያወጣው ሰው ግን ያየውን ነው የተናገረው።

ሜዳ እንዴት 4,000 ሜትር ላይ ወጣ?

የድሮው ታሪክ የሚጀምረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ያኔ ከምድር ስንጥቅ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ሰፊ አገር ላይ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። አንዱ ሲረጋ ሌላው በላዩ ፈሰሰ። እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚደረደር ማለት ነው። ባዛልት የሚባለው የዚህ ድንጋይ ንብርብር በአንዳንድ ቦታ ከኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቦታው ሰፋፊ እሳተ ገሞራዎች ተነሱ። እነሱም ሹል አልነበሩም፤ እንደ ምጣድ አክንባሎ ደልደል ያሉ ነበሩ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ይህንን የላይኛውን ድንጋይ «ጣርማ በር» ብለው ሰይመውታል። በሌላው የአገራችን ደጋ ያለው ተመሳሳይ ድንጋይ ሁሉ በዚህ በኛ ሰፈር ስም ነው የሚጠራው። ይህን ለተማሪዎች ስነግር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ መነሻው ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ በምሥራቅ በኩል ምድር ተለጠጠች። አፋርና ስምጥ ሸለቆው ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ሰመጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መሬት ሲሰምጥ፣ ሳይሰምጥ የቀረው ዳር ባለበት አይቆይም። ሸክም የተራገፈለት አህያ ጀርባው ቀና እንደሚል፣ አጠገቡ ያለው ክብደት ሲቀንስ ዳሩ ቀና ይላል። ለዚህ ነው ደጋው ከመሐሉ ይልቅ በምሥራቅ ዳሩ ላይ ከፍ የሚለው። አንኮበርን፣ ጣርማ በርን፣ ጓሳን፣ አቡዬ ሜዳን ብትቆጥር ሁሉም እዚያው ጠርዝ ላይ ናቸው። የሸዋ ከፍታ ያለው ዳሩ ላይ ነው።

እናንተ ሜዳ ላይ ስትንከራተቱ የነበረው ለዚህ ነው። የተነሳ የገበታ ጠርዝ ላይ ነበራችሁ። ጠርዝ ርዝመት እንጂ ሹል የለውም። ጉብታዎቹ ደግሞ ዝናብና ውርጭ የተዋቸው ትርፍራፊዎች ናቸው። አንዱ ከሌላው የሚበልጠው በጥቂት ሜትር ነው። በዓይን ደግሞ ሁልጊዜ የማዶው ይበልጣል። እግርህ ሥር ያለውን ጉብታ ወደ ታች ነው የምታየው፤ የማዶውን ፊት ለፊት።

ለዚህ አንድ ዘዴ ላስተምርህ። እኔ ወጣት ቀያሽ ሆኜ ከአንድ አንጋፋ ሠራተኛ ነው ያየሁት። መሣሪያ አይጠይቅም። ጥርት ያለ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ያዝ። ግማሹን ጠጣ። ክዳኑን አጥብቀህ በጎኑ አስተኛውና ካብ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው። ውሃው እስኪረጋ ጠብቅ። ነፋስ ካለ በጋቢህ ከልለው። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ዓይንህን ከውሃው ገጽ ጋር አስተካክል። የቅርቡና የሩቁ የውሃ ጠርዝ አንድ መስመር እስኪሆኑ ድረስ። ያ መስመር ፍጹም አግድም ነው። አሁን በሱ ላይ አልፈህ ወደ ማዶው ጉብታ ተመልከት። ጉብታው ከመስመሩ በላይ ብቅ ካለ ካንተ ዓይን ከፍ ይላል። ከመስመሩ በታች ከሆነ ግን አንተ ያለህበት ይበልጣል፤ መንገድህን ቆጥብ። ምድር ክብ ስለሆነች ሩቅ ያለ ነገር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። 5 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለናንተ ጉብታዎች የሚያሰጋ አይደለም።

ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ። አራት ቁጥር ይዘህ መጥተሃል፤ አንዱም ውሸት አይደለም።

4,000 የተጠጋጋ ቁጥር ነው። በቃል ለመያዝ እንዲመች የተቆረጠ ነው። 4,012 በብዙ ጽሑፍ ላይ የምታገኘው ነው፤ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ልዩነታቸው 12 ሜትር፣ ማለት የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ነው። ለአገር ካርታ ኢምንት ነው።

የስልክህ 3,985 ከሳተላይት የመጣ ነው። ስልክ ቦታህን በጥቂት ሜትር ስህተት ሊነግርህ ይችላል። ከፍታህን ሲነግርህ ግን ስህተቱ ከዚያ ይበልጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከላይህ ናቸው፤ ከእግርህ ሥር የሚያመዛዝን የለም። በተጨማሪም ሳተላይት የሚለካው በሒሳብ ከተሠራ የምድር ቅርጽ ተነስቶ ነው። እኛ «ከባሕር ጠለል በላይ» የምንለው ሌላ ነው። ሁለቱ በቦታው ይለያያሉ። አንዳንድ መተግበሪያ ልዩነቱን ያርማል፤ አንዳንዱ አያርምም። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ግማሽ ሰዓት ብትጠብቅና አማካዩን ብትወስድ ቁጥሩ በጣም ይሻሻላል። ኪስ ውስጥ የነበረ ስልክ አውጥቶ ወዲያው ማንበብ ግን አያስተማምንም።

የጓደኛህ ሰዓት ሌላ ታሪክ ነው። የዚህ ዓይነት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከፍታን የሚገምተው ከአየር ግፊት ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ግፊት ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ያንን ወደ ሜትር ይለውጣል። ችግሩ ግፊት አንተ ባትንቀሳቀስም ይለዋወጣል። ፀሐይ በየቀኑ ከባቢ አየሩን ስለምታሞቀው፣ የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንደ ባሕር ማዕበል ማለት ነው። እኛ ያለንበት ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ይህ በደንብ ይታያል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል።

ይህንን በዓይኔ ያየሁት ጓሳ ላይ ነው። ጠዋት መሣሪያዬን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ንባቡን በእርሳስ ጻፍኩ። ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ አላነሳሁትም። እረኞች እየመጡ ያዩታል፤ ይጠይቁኛል፤ ቆሎ ይሰጡኛል። ወደ 10 ሰዓት ላይ ሳነበው ድንጋዩ ወደ 30 ሜትር «ከፍ ብሏል»። ያን ቀን የቁጥር ፍቅሬ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ማንም ከፍታ ሲነግረኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «በስንት ሰዓት?» የሚል ሆነ። 4,000 ሜትር አካባቢ የአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ለውጥ ወደ 13 ሜትር ይመነዘራል። በቀን ከ2 እስከ 3 ሄክቶፓስካል መለዋወጥ የተለመደ ነው። እጅህ ላይ ካለው ቁጥር ከ25 እስከ 40 ሜትር የሚሆነው የፀሐይ ሥራ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ጓደኛህን ጠይቀው። ሰዓቱን ጠዋት አስተካክሎ፣ ጫፉ ላይ ከሰዓት በኋላ ካነበበ፣ 4,040 ማለቱ አይገርመኝም። ከ4,012 የሚበልጠው በ28 ሜትር ነው፤ የቀኑ መለዋወጥ ብቻውን ያንን ያህል ሊያመጣ ይችላል።

«የመንግሥት ካርታና የሳተላይት ካርታ ለምን ይለያያሉ?» የሚል ተከታይ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በየካቲት 1992 ዓ.ም. አንድ የጠፈር መንኮራኩር አብዛኛውን የምድር ገጽ በራዳር ለክቶ ነበር። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የምታየው ብዙ የከፍታ ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው። ያ መረጃ መሬቱን ወደ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆነ መደብ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ሹል ተራራ ሲሆን ሹሉ ከዙሪያው ቁልቁለት ጋር ተደባልቆ ይቀንሳል። ራስ ዳሸንን እኛ በትምህርት ቤት 4,620 ብለን ነው የሸመደድነው። በኋላ የመጡት ልኬቶች 4,533 ወይም 4,550 ይላሉ። ተራራው አላጠረም፤ መለኪያው ነው የተቀየረው። አቡዬ ሜዳን ግን ሜዳነቱ ይጠቅመዋል። አናቱ ሰፊ ስለሆነ በመደቡ ውስጥ የሚጠፋ ሹል የለውም።

እኔን ከቁጥሩ ይልቅ ውሃው ይገርመኛል።

በክረምት ጠርዙ ላይ ቁም። ዝናብ ሲዘንብ ፊትህን ወደ ሰሜን አድርግ። በግራህ የወረደው ውሃ ወደ ወንጭት ይሄዳል፤ ወንጭት ጀማን ይቀላቀላል፤ ጀማ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ያ ውሃ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜድትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በቀኝህ የወረደው ደግሞ እንደ አጣዬ፣ ጀውሃና ሮቢ ባሉ ወንዞች ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ባሕር አያይም። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይተናል። ካንተ ግራና ቀኝ በአንድ እርምጃ ርቀት የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግመኛ አይገናኙም። ተማሪ ይዤ የወጣሁ ጊዜ ሁልጊዜ እግራቸውን አንራፍተው እንዲቆሙ አደርጋለሁ። አንድ እግር በዓባይ ተፋሰስ፣ አንድ እግር በአዋሽ ተፋሰስ። ከዚያ በኋላ የተፋሰስን ትርጉም ማንም አይረሳውም።

ጉሙም የዚሁ ዳር ልጅ ነው። ከቆላው የሚነሳው ሞቃት አየር ግድግዳውን ተከትሎ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። ጣርማ በር ላይ በቀትር መብራት አብርተው የሚሄዱትን መኪናዎች አስታውስ። ላይኛው መንዝም በበልግ ገብስ የሚያበቅለው ዳሩ ከምሥራቅ በኩል የሚመጣውን የበልግ እርጥበት ስለሚይዝለት ነው። በልግ ሲቀር ያ አገር ምን እንደሚሆን ላንተ አልነግርህም፤ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ድንቹ።

ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው የተባልነው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። አየሩ ሲሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ በ92 ገደማ ይፈላል። 4,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ87 ዲግሪ ገደማ። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል እሳት ብትጨምር ውሃው አይሞቅም፤ እንፋሎት ብቻ ይሆናል። ድንቻችሁ በ87 ዲግሪ ውሃ ነበር የሚንገላታው። ይበስላል፤ ግን ጊዜውን ይፈልጋል፤ እንጨታችሁንም ይጨርሳል። ባቄላ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የባሰ ነበር። በቀደመው ዘመን ተጓዦች ይህንኑ ገልብጠው ይጠቀሙበት ነበር። ውሃ አፍልተው በቴርሞሜትር ለክተው የተራራውን ከፍታ ያሰሉ ነበር። ድንቻችሁ መለኪያ ነበር ማለት ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ክዳኑ የሚገጥም ግፊት የሚይዝ ድስት ያዙ። ወይም ከዚያ የተሻለውን፣ አያቶቻችን የሚይዙትን ያዙ። ቆሎና በሶ። ቆሎ በምጣድ ስለሚቆላ ውሃ የት እንደሚፈላ አያገባውም። በሶም ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ይበቃዋል። የደጋ እረኛ አኮፋዳ ውስጥ ድንች የማታገኘው አለምክንያት አይደለም።

ብርዱን ደግሞ በቀላል ስሌት ታገኘዋለህ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከደብረ ብርሃን ጋር ስታነጻጽረው 7 ወይም 8 ዲግሪ ይበርዳል። ከሸዋ ሮቢት ጋር ደግሞ ወደ 18 ዲግሪ። በጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ የበለጠ ይከፋል። መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ድንኳናችሁን ጉድጓዳ ቦታ ላይ ተክላችሁ ከነበረ ተሳስታችኋል። ከነፋስ ያስጥላል ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ገበሬው ይህን ያውቃል። ውርጭ መጀመሪያ የሚመታው የረባዳውን ባቄላ ነው። ከጉድጓዱ ጥቂት ከፍ ብሎ ካብ ተጠግቶ ማደር ይሻላል።

በማግስቱ ጠዋት መሬቱን በቅርበት አይተኸው ይሆን? ሣር በሌለበት አፈር ላይ ጎንበስ ብትል ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ቆመው ታያለህ። ሌሊት በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ይረጋና እየገፋ አፈሩን በጣት ውፍረት ያነሳዋል። ፀሐይ ስትመታው ቀልጦ ይወድቃል። ስትረግጠው ደረቅ ብስኩት የሚሰበር ይመስላል። በበጋው ወራት ይህ ሌሊት ሌሊት ይደጋገማል። ትናንሽ ቡቃያዎች ሥር ሳይሰዱ የሚነቀሉት በዚህ ነው።

እዚያ የሚኖር ተክል ለዚህ ዘዴ ሊኖረው ይገባል። ጅብራን ተመልከት። ቀን ቅጠሎቹን ይዘረጋል፤ ማታ እንደ ጡጫ ሰብስቦ መሐሉ ያለውን ለጋ ቡቃያ ያለብሳል። ለብዙ ዓመት እንዲሁ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ረጅሙን አበባውን ያወጣል። ዘሩን በትኖ ይሞታል። ደርቆ የቆመ ጅብራ ያየህ እንደሆነ ሥራውን የጨረሰ ነው። ብዙ ወጣቶች ፎቶ ለመነሳት ሲነቅሉት አይቼ አዝኛለሁ። እባካችሁ አትንኩት።

ጭላዳም ያለ ዳሩ አይኖርም። ቀን ሜዳው ላይ ሣር ይግጣል፤ ማታ ገደሉ ላይ ወርዶ ያድራል። ሜዳ ብቻ ቢሆን አራዊት ይበላው ነበር። ገደል ብቻ ቢሆን ይራብ ነበር። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በገላጣው ሣር ውስጥ አይጥና ፍልፈል ያድናል። ሁለቱንም በቀላሉ ለማየት ጓሳ ይሻላል። ጓሳን የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ይዞታል። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ያ ሣር ባይጠበቅ ኖሮ ዛሬ ቀበሮው ባልኖረ ነበር።

የቀረኝ የጓደኛችሁ ራስ ምታት ነው። ይህን አቅልላችሁ እንዳታዩት። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 62 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነት ይለምደዋል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። አንተ መሐል ሜዳ ማደግህ አሁን ብዙ አይረዳህም። ደጋ የለመደው ደምህ አዲስ አበባ ከርሞ ተላምዷል። የሚጎዳው ደግሞ በቀን ወጥቶ መመለሱ ሳይሆን ላይ ማደሩ ነው። መሐል ሜዳ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። ውሃ ጠጡ። አረቄው ይቆይ፤ ያሞቃል ይባላል እንጂ ሙቀት ያስወጣል፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ይቀንሳል። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ማስታወክ ከጨመረ፣ ሰውየው ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ጠዋትን አትጠብቁ። ይዛችሁት ወደ ታች ውረዱ። ከመድኃኒት ሁሉ በፊት የሚያድነው መውረድ ነው።

በክረምት ከሆነ የምትሄዱት፣ ከቀትር በፊት ከአናቱ ውረዱ። ገላጣ ሜዳ ላይ ረጅሙ ነገር አንተ ነህ፤ መብረቅ ደግሞ ረጅሙን ይፈልጋል። የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጉም ሲወርድ ሜዳውና ገደሉ አይለዩም፤ ዳሩ የት እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ ከብት የጠበቀ ሰው ነው።

እኔ ብሆን የምመርጠው ጥቅምትን ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ አየሩ ታጥቦ ይጠራል። ማለዳ ከፀሐይ ጋር ጠርዙ ላይ ከደረሳችሁ፣ ጭጋግ ሳይነሳ የአፋር ሜዳ ሩቅ ድረስ ይታያል። ጓደኛህ ሰዓቱን መሐል ሜዳ ላይ ያስተካክል፤ ያስተካከለበትን ሰዓትም ይጻፍ። አናት ላይ ጠዋት 4 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አንድ ጊዜ ያንብብ፤ ሰማዩ ከጠራ ማለት ነው። ስልክህን ግማሽ ሰዓት ድንጋይ ላይ ተወው። የውሃ ጠርሙሱን አትርሳ። የየጉብታውን ንባብ በወረቀት ጽፈህ ላክልኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ አብረን እናሰላዋለን።